ሳላዲንን ማን ያቀብለው?

ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ስለወጣ ኳስ ተጫዋች ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ሳላዲን ሰይድ ነው። ይገባዋልም። «አሶሳ ሌላ ሳላዲን መቼ ታወጣለች?» የሚለው ግን ግማሽ ጥያቄ ነው። አጥቂ ኮከብ ቢሆን እንኳ ኳስ ቀምቶ፣ አቀብሎ፣ አግብቶ ብቻውን አይዘልቀውም።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም አዲስ አበባ ስታዲየም የሆነው ይታወሳል። ሱዳን በሜዳዋ 5ለ3 አሸንፋ ነበር የመጣችው። ዋልያዎቹ 2ለ0 ረቷትና ከሜዳቸው ውጪ ባገቧቸው ጎሎች ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፉ። አንዱ ጎል የሳላዲን ነው። ሌላው ግን የአዳነ ግርማ ነበር፤ ያ ባይኖር የሳላዲን ጎል ብቻውን የትም አያደርስም።

ደቡብ አፍሪካ ላይ ነገሩ ይበልጥ ለየ። ጥር 13 ቀን የሰውነት ቢሻው ልጆች ከዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ጋር ሲገናኙ ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ጭራሽ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ። ታዲያ ማን ደረሰ? በ10 ሰው አቻ ያደረገው ያው አዳነ ነው፤ ትንፋሹ እስኪቆረጥ የሮጠው ተከላካይና አማካይ ሁሉም ድርሻ አለው። በቀጣዩ ጨዋታ ደግሞ ቡርኪናፋሶ በረኛዋ በቀይ ወጥቶባት እንኳ 4ለ0 ቀጣች። ሳላዲን ያኔም ያው ሳላዲን ነበር። መሐሉ ሲበተን ግን ኳስ የሚያደርስለት ጠፋ።

እናም ታዳጊ ፍለጋ አሶሳና ባምባሲ የሚሄድ አሰልጣኝ ጎል አግቢውን ብቻ አይቶ አይመለስ። ኳስ ነጥቆ ለጓደኛው የሚሰጠውን፣ ተመልካች ስሙን የማይጠራውን ልጅም ይመዝግብ።