ለጋዜጠኞች ብቻ የተገለጠ መጋረጃ

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ስለነበረችው አሜሪካ የሚጽፉ ሰዎች፣ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት «ኒው ዲል» ብለው ከሰየሙት ተሐድሶ ውስጥ አንዱን ገጽ ዘወትር በወርቅ ቀለም ይጽፉታል። ይኸውም መንግሥት ሠዓሊውን፣ ሙዚቀኛውን፣ ደራሲውንና ተዋናዩን በደመወዝ ቀጥሮ ያሠራበት ዘመን ነው። እንደ እነርሱ አባባል መንግሥት ለኪነ ጥበብ አባት ሆኖ ነበር፤ ዳቦም ሰጠ፣ ነጻነትም ሰጠ። ዳቦ መስጠቱ እውነት ነው። ነጻነቱ ግን ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ተፈትኖ ወድቋል፤ የወደቀውም በኢትዮጵያ ስም በተጠራ ተውኔት ላይ ነው።

ዳቦውንም ቢሆን በልኩ መመዘን ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1929 (ከዚህ በታች ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንዲሁ ናቸው) የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ከወደቀ በኋላ፣ በ1933 ከአራት አሜሪካውያን ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አጥ ነበር። ተዋናዩ ደግሞ በሁለት በኩል ተመታ፤ ቀውሱ የቴአትር ቤቶችን በር ዘጋበት፣ ድምፅ ማውጣት የጀመረው ሲኒማም ተመልካቹን ወሰደበት። በ1935 የፌዴራል ቴአትር ፕሮጀክት ሲቋቋም፣ ተቀጣሪው በአብዛኛው አስቀድሞ ድህነቱን አስመስክሮ በእርዳታ ፈላጊዎች መዝገብ የገባ ሰው መሆን ነበረበት። እንግዲህ የሥራው ምንጭ የኪነት ፍቅር ሳይሆን የጎዳናው ረኀብ ነበር። ይህን ማለት ሥራውን ማሳነስ አይደለም፤ የተራበን ማብላት ስለ ኪነ ጥበብ ከሚደረግ ንግግር ሁሉ ይበልጣል። ስሕተቱ ለረኀብ ማስታገሻ የተዘረጋውን እጅ የነጻነት እጅ አድርጎ መሣል ላይ ነው። በእርግጥ የሥራው የበላይ ኃላፊ ሃሪ ሆፕኪንስ፣ ቴአትሩ ከሳንሱር ነጻ እንደሚሆን ቃል ገብተው ነበር። ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ሃሊ ፍላናገንም በዚሁ ቃል ተማምነው ሥራ ጀመሩ።

በኒውዮርክ «ሕያው ጋዜጣ» የተባለ ክፍል ተደራጀ። ሥራ ያጡ ጋዜጠኞችና ተዋንያን በአንድነት ሆነው የጊዜውን ዜና፣ ንግግርና ሰነድ ወደ መድረክ የሚያወጡበት ነው። የመጀመሪያው ዝግጅት «ኢትዮጵያ» ተባለ፤ ርእሱም ፋሺስት ኢጣልያ በኢትዮጵያ አቈጣጠር መስከረም 22 ቀን 1928 የጀመረችው ወረራ ነበር። ቃሉ ከደራሲ ምናብ የፈለቀ አልነበረም፤ ሙሶሊኒና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአደባባይ ከተናገሩት፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤም ከተባለው የተውጣጣ ነው። ዓለም ሁሉ በጋዜጣ ያነበበው ነገር ነበር። ይሁን እንጂ ከዋሽንግተን ትእዛዝ መጣ፤ የውጭ አገር ርእሰ ብሔርም ሆነ ሚኒስትር፣ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ ካልፈቀደ በቀር፣ በተዋናይ ተመስሎ መድረክ ላይ እንዳይወጣ የሚል። ሙሶሊኒ የማይታይበት የኢትዮጵያ ወረራ ምን ዓይነት ተውኔት ይሆናል? ገዳዩ የማይጠቀስበት ለቅሶ!

የኒውዮርኩ ኃላፊ፣ ጸሐፌ ተውኔቱ ኤልመር ራይስ፣ ትእዛዙን አልተቀበለም፤ ሥራውን ለቀቀ። በዚያው ጊዜ ጋዜጠኞችን ጠርቶ ልምምዱን አሳያቸው። ዕለቱ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ጥር 15 ቀን 1928 ነበር። በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ ጦር በተምቤን ግንባር ከወራሪው ጋር ይተናነቅ ነበር፤ የመርዝ ጋዙም ከታኅሣሥ ጀምሮ ይዘንብበት ነበር። በኒውዮርክ ግን የአገሩን ስም የያዘው ተውኔት ለሕዝብ ሳይታይ ታጠፈ።

ለእገዳው የተሰጠው ምክንያት ወዳጅ መንግሥትን ላለማስቀየም የሚል ነው። የዚህን ምክንያት ክብደት ለማወቅ ወደ ወደቡ መመልከት ይበቃል። በ1935 የወጣው የገለልተኝነት ሕግ ለሁለቱም ተዋጊዎች የጦር መሣሪያ መሸጥን ከለከለ። ሲሰሙት ሚዛናዊ ይመስላል፤ ዳሩ ግን አንዱ ወገን የመሣሪያ ፋብሪካዎች ነበሩት፣ ሌላው አልነበሩትም። ነዳጅ ዘይት ደግሞ ከክልከላው ውጭ ስለነበረ፣ መንግሥት ነጋዴውን እንዲታቀብ ቢመክረውም፣ ወደ ኢጣልያና ወደ ቅኝ ግዛቶቿ የሚጫነው የአሜሪካ ዘይት ጨመረ። ዘይቱን በሕግ ለማገድ ያልደፈረ መንግሥት ተውኔቱን ለማገድ አንድ ደብዳቤ በቃው።

ከዚህ ተነሥተው የመንግሥት ደመወዝ የበላ አንደበት መታሰሩ አይቀርም የሚሉ አሉ። ይህም ሌላ ጥፋት ነው። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ የ20 ዓመቱ ኦርሰን ዌልስ በጥቁር ተዋንያን ብቻ ያዘጋጀው የሼክስፒር «ማክቤዝ» በሀርለም ባልታየ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የሲንክሌር ሉዊስ ጸረ ፋሺስት ተውኔት በአንድ ሌሊት ከ20 በሚበልጡ መድረኮች ባልተከፈተ፣ በ1938ም «ሕያው ጋዜጣ» የኒውዮርክን ድኾች የኪራይ ቤቶች ጉድ ባላወጣ ነበር። አንደበትን ያሰረው ደመወዙ አይደለም፤ ትእዛዙ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ለተዋናዩ የሚያተርፍለት ረኀቡን ብቻ ነው። ወይዘሮ ፍላናገን ከ«ኢትዮጵያ» መታገድ በኋላ በሥራቸው መቈየታቸውን የሚነቅፉም ይህን ቢያስቡ መልካም ነው፤ ራይስ በድርሰቱ የታወቀ ሰው ነበርና ጥሎ መሄድ ይችል ነበር፣ በሺህ የሚቈጠሩት ተቀጣሪዎች ግን መሄጃ አልነበራቸውም።

ትእዛዙም በ«ኢትዮጵያ» አላበቃም። በጁን 1937 ስለ ብረት ሠራተኞች መደራጀት የሚናገረው የማርክ ብሊትስታይን ሙዚቃዊ ተውኔት ሊከፈት ሲል፣ በበጀት ቅነሳ ስም ቴአትር ቤቱ ተቈለፈ። ተዋንያኑና ተመልካቹ በእግር ተጉዘው ሌላ ቴአትር ቤት ገቡ፤ በመድረኩ ላይ እንዳይሠሩ ስለተከለከሉ ደራሲው ብቻውን ፒያኖ ሲመታ ተዋንያኑ ከተመልካቹ መካከል እየተነሡ ዘፈኑ።

በ1938 በማርቲን ዳይስ የሚመራ የተወካዮች ምክር ቤት መርማሪ ኮሚቴ ተነሣ። ወይዘሮ ፍላናገን ቀርበው ሲመሰክሩ፣ ከአባላቱ አንዱ ክሪስቶፈር ማርሎ ኮሙኒስት እንደሆነ ጠየቃቸው። ማርሎ በ1593 የሞተ እንግሊዛዊ ጸሐፌ ተውኔት ነው! አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ እሳቸው ግን የብዙ ሺህ ሰዎች እንጀራ በዚያ ጠያቂ እጅ እንዳለ ያውቁ ነበርና አልሳቁም። በጁን 30 ቀን 1939 ኮንግሬሱ የቴአትሩን ገንዘብ አቋረጠ። ገንዘብ ለመቈጠብ ነው እንዳይባል፣ የሥዕሉ፣ የሙዚቃውና የደራስያኑ ሥራ ክፍላተ ግዛቱ ከወጪው አንድ አራተኛውን እስከሸፈኑ ድረስ እንዲቀጥል ተፈቅዶለታል። በስሙ ተጠርቶ ከመዝገብ የተሰረዘው ቴአትሩ ብቻ ነው።