በሬው ይቆይ፦ የባንክ ዲቪደንድ ከየትኛው ትርፍ ነው የተከፈለው?

የዛሬውን የዝንጅብል ዋጋ ማታ እለጥፋለሁ። አሁን ግን ሰሞኑን በውስጥ መስመር ሲመጣልኝ የሰነበተውን ጥያቄ ልመልስ፤ «ባንኩ በ2017 ትርፍ ላይ ጥሩ ዲቪደንድ ከፍሏል፣ የዝንጅብሉን ብር አክሲዮን ልግዛበት ወይ?» አንድ የሀደሮ አባታችን ደግሞ በድምፅ፣ «ልጄ፣ በሬውንም ሸጬ ልጨምርበት እንዴ?» ብለው ላኩልኝ። በሬ ከተነሳማ ዝም ማለት አልችልም።

እኔም የባንክ አክሲዮን አለኝ፤ ስሙን አልጠራም። ዲቪደንዱን ሳይ ደስ ብሎኝ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ በየዓመቱ ከሱ እከፍላለሁ ብዬ አሰብኩ። ሪፖርቱን ገልጬ ሳነብ ነው ሐሳቤን የቀየርኩት።

ነገሩን በመጋዘን እንየው። 50 ኩንታል ደረቅ ዝንጅብል ይዘሃል እንበል። ኩንታሉን በ10 ሺህ ገዝተኸዋል፣ ዋጋው 20 ሺህ ገባ። በወረቀት 500 ሺህ ብር አትርፈሃል። ግን ያው 50 ኩንታል ነው! ብትሸጠውም መጋዘኑን መልሰህ ለመሙላት በ20 ሺህ ነው የምትገዛው። «500 ሺህ አተረፍኩ» ብለህ ድግስ ብትደግስበት፣ በሚቀጥለው ዓመት የምትነግድበት ዝንጅብል ግማሽ ይሆናል። ገዝተህ፣ አድርቀህ፣ ጭነህ ሸጠህ በኩንታል የምታገኛት ልዩነት ግን ሌላ ናት። እሷ የሥራ ትርፍ ናት፤ ሥራው እስካለ በሚቀጥለው ዓመትም ትመጣለች።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በሁለት ሳምንት 100 አለፈ፣ የ2017 በጀት ዓመት ሲዘጋ ከ130 በላይ ነበር። የዶላር ሀብቱ ከዶላር ዕዳው የሚበልጥ ባንክ ልዩነቱ በብር ሲሰላ አበጠለት። በዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃ ይህ ትርፍ ውስጥ ይገባል። ማጭበርበር አይደለም፣ ሕጉ ነው። ግን ብር በየዓመቱ እንዲህ ካልወረደ አይደገምም (ከወረደም ሌላ ጣጣ አለው፤ ማዳበሪያ ገዢ ሁሉ ያውቀዋል)።

አሁን በቁጥር፣ ለምሳሌ ያህል። የ1,000 ብር አክሲዮን 400 ብር አተረፈ። ከዚህ ውስጥ 150ው ከዶላሩ ለውጥ፣ 250ው ከብድር ወለድና ከአገልግሎት ነው። ባንክ 25 በመቶውን ለሕጋዊ መጠባበቂያ ያስቀምጣል፣ መጠባበቂያው ከተከፈለው ካፒታል ጋር እስኪስተካከል። ስለዚህ የሚከፋፈለው 300 ነው። 280 ብር ዲቪደንድ ከፈለህ፣ ደህና ይመስላል። በሚቀጥለው ዓመት ሥራው ምንም ሳይበላሽ 250 ብቻ ቢያተርፍ፣ ከመጠባበቂያው በኋላ የሚቀረው 187 ብር ከ50 ነው። 280ው ከየት ይመጣል? ከሚደርስህ ላይም የዲቪደንድ ግብር ይቆረጣል።

ሪፖርቱ ላይ ከትርፍና ኪሳራው መግለጫ በኋላ ያሉትን ማስታወሻዎች እዩ፤ ከምንዛሪ ለውጥ የተገኘው ለብቻው ይጻፋል። ዶላር ገዝቶ ሸጦ የሚገኘው ልዩነት ሥራ ነውና አትቀንሱት። ሳይሸጥ ዋጋው ስለተከለሰ ብቻ የመጣውን ነው የምትቀንሱት።

ግን ደግሞ «የሥራ ትርፍ» የሚለውንም ቃል ዝም ብላችሁ አትመኑ። የማይመለስ ብድር ሲበዛ «ይቺ የዘንድሮ ብቻ ናት» ብሎ ከሂሳቡ ማውጣት የሚወድ አለቃ አይጠፋም። በየዓመቱ የሚመጣ «የዘንድሮ ብቻ» የለም። እኛ ከ2004 ጀምሮ የአጠውልግ በሽታ ዝንጅብላችንን ሲጨርስ «ይህ አንድ ጊዜ ነው» እያልን ስንት ክረምት ዘር ገዛን?

ተቃራኒውም አለ። ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን በ300 ብር ሲሸጥ ስለ ዲቪደንዱ የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ። ለውጭ ዕቃ አቅራቢ በዶላር ዕዳ ያለበት ድርጅት፣ ብር ሲወርድ ዕዳው በብር ይከብዳል፤ ስልክ የሚደውለው ሰው ሳይቀንስ ትርፉ ይቀንሳል። እዚያ ደግሞ የተጻፈው ትርፍ ከሥራው ያነሰ ይመስላል። ይሁንና ዕዳው ዶላር ተገዝቶ መከፈሉ አይቀርም፤ ጨርሳችሁ አትርሱት።

ባንኮች ካፒታላቸውን እስከ ሰኔ 23 ቀን 2018 ድረስ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ ታዝዘው ነበር። ስለዚህ አዲስ አክሲዮን የሚሸጥ ባንክ ትልቅ ዲቪደንድ ማሳየት ይፈልጋል፤ አይፈረድበትም፣ እኔም ጥሩውን ዝንጅብል ከጆንያው አፍ ላይ ነው የማደርገው። ለእኔ ግን የምንዛሪውን ትርፍ ሳይበላ መጠባበቂያ ውስጥ አስቀምጦ ትንሽ የከፈለው ይሻለኛል። ጉባኤ ላይ እንዲህ ያለ ባንክ ሲሰደብ ሰምቻለሁ።

ጋሼ፣ በሬው ይቆይ። ከዝንጅብሉ ብር ላይ ለዘርና ለቤት የማይፈለግ ከተረፈ ትንሽ መግዛት ይቻላል፤ ለመጀመሪያው ዓመት ግን ገንዘቡ ከገባበት ቀን ጀምሮ ተሰልቶ ነው የሚከፈለው፣ ሙሉውን አይጠብቁ። የባንኩን ሪፖርት ያገኘ ሰው ማስታወሻው ያለበትን ገጽ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ፣ አብረን እንቀንሰዋለን። የእርጥብና የደረቁ ዋጋ ማታ።