መቅዳት የተፈቀደውን ማን ይቅዳው?

ጎበዝ፣ እስቲ ዛሬ አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። አሶሳ ውስጥ ዊንዶውስ የሚጭንላችሁ ሰው ለማግኘት ስንት ደቂቃ ይፈጅባችኋል? አምስት? አስር? ሊነክስ የሚጭንላችሁስ? እኛ አንድ ሳምንት ፈጅቶብናል። ታሪኩን እነሆ።

ለሦስት የምንጠቀምባት አንዲት አሮጌ ላፕቶፕ አለችን። ፍላሽ በሰካን ቁጥር ቫይረስ እየገባባት ስታስመርረን፣ ክራክ የተደረገውን ዊንዶውስ አጥፍተን ዴቢያን ጫንባት። ዴቢያን ሊነክስ ላይ ከተሠሩት ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች አንዱ ነው። ኮዱ ክፍት ነው፣ ፈቃድ ግዙ አይልም፣ ለጓደኛ መቅዳትም ወንጀል አይደለም። መጫኑ በሰላም አለቀ። አማርኛ ለመጻፍም አላስቸገረችን። ዋይፋይ ግን የለም። የኔትወርኩን ምልክት ብንነካካ ብንጎረጉር፣ "ዋይፋይ" የሚል ቃል እንኳ አይታይም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዋይፋይ ካርድ ለመሥራት ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንዱ ድራይቨር ነው፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሊነክስ ጋር አብሮ ይመጣል። ሌላው ፈርምዌር ይባላል፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ ካርዱ ላይ የሚጫን፣ አምራቹ ያዘጋጀው ትንሽ ፋይል ነው። የብዙዎቹ ፈርምዌር ኮድ ክፍት ስላልሆነ፣ ዴቢያን ለዓመታት ከኦፊሴላዊው መጫኛ ለይቶ ለብቻው አስቀምጦት ኖሯል። የት? ኢንተርኔት ላይ! ኢንተርኔት ለማግኘት መጀመሪያ ኢንተርኔት ሊኖራችሁ ይገባል ማለት ነው። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን መዝጋት ማለት ይሄ ነው።

የዴቢያን አባላትም ችግሩ ገብቷቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ድምፅ ሰጥተው ፈርምዌሩ በመጫኛው ውስጥ እንዲካተት ወሰኑ። በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ይዞት መጥቷል። ታዲያ እኛ ምን ነካን? ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ የደረሰን ፍላሽ ላይ የነበረው ዴቢያን 11 ነዋ! መፍትሔው ዓለም ላይ ካለ ቆይቷል፤ እኛ ጋ ያደረሰው ሰው ነው የጠፋው።

በመጨረሻ ያወጣን ስልክ ነው። ስልኩን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፗ ጋር አገናኝተን ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን ስናበራ፣ ላፕቶፗ ስልኩን እንደ ገመድ ኔትወርክ ቆጠረችው። ለዚህ የዋይፋይ ፈርምዌር አያስፈልግም። ከዚያ የካርዱን ዓይነት ተርሚናል ላይ አይተን፣ ነጻ ያልሆኑ ፓኬጆች የሚቀመጡበትን ክፍል ከፍተን፣ የሚስማማውን ፈርምዌር አውርደን ድጋሚ አስነሳናት። ዋይፋዩ መጣ! አንድ ሳምንት ያንከራተተችን ፋይል መጠኗ ከአንድ ዘፈን አይበልጥም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ክራክ ዊንዶውስ ከተማውን የተቆጣጠረው ስለሚሻል ወይም ስለሚረክስ አይመስለንም። በነጻ ከሚታደል በላይ ምን ሊረክስ ይችላል? ያሸነፈው ኮምፒውተር ቤቱ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ከነድራይቨሩ ተቀምጦ ስለሚጠብቀን ነው። ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ግድ የለውም። መቅዳት የተከለከለው በየሱቁ ሞልቶ፣ መቅዳት የተፈቀደው የትም አይገኝም። አይገርምም?

"ዛሬማ ኢንተርኔቱ በስልክ አለ አይደል?" ትሉን ይሆናል። አለ። ግን ጥቂት ጊጋባይት የሚመዝን መጫኛ በሞባይል ዳታ ማውረድ ለተማሪ ኪስ ቀላል አይደለም። ኡቡንቱን የሚያወጣው ካኖኒካል ይሄ ገብቶት ነበር፤ እስከ 2011 ድረስ ለጠየቀው ሰው ሲዲውን በነጻ በፖስታ ይልክ ነበር። ያ አገልግሎት ቀርቷል። እንግዲህ ፖስተኛው እኛው ራሳችን መሆን አለብን።

ለአሶሳ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች አንድ ሐሳብ አለን። አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ያዙ። አዲሱን መጫኛና አምራቾቹ እንዲከፋፈል የፈቀዱትን ፈርምዌር ጫኑበት፤ በየሴሚስተሩ አድሱት፤ ፍላሽ ይዞ ለመጣ ሁሉ ቅዱለት። ኮምፒውተር ቤቶችም ብትሆኑ ለጉልበታችሁ ብታስከፍሉ የሚከለክላችሁ የለም። ደንበኛችሁ ግን ያለ ክራክ መሥራት እንደሚቻል ይወቅ።

እኛም ከወሬ ብቻ አንቀርም። በ2025 የወጣውን ዴቢያን 13 ከነፈርምዌሩ ፍላሽ ላይ አስቀምጠናል። የፈለገ መጥቶ ይቅዳ፣ የቀዳ ደግሞ ለሌላ ያስቀዳ። ክፍያ የለውም፤ ወቅቱ የማንጎ ከሆነ ግን እምቢ አንልም።

ቸር እንሰንብት።