ከፍለን ዝም አንበል

የኩታበር ወረዳ ነዋሪዎች፣ በደሴና በኮምቦልቻ ኑሯችሁን ያደረጋችሁ የወረዳው ተወላጆች፣ ከአገር ውጭ ያላችሁ ወገኖቻችን!

ሐምሌ 1 አዲስ የበጀት ዓመት ይገባል። የመምህሩና የጤና ባለሙያው ደመወዝ፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት፣ የገጠሩ መንገድ ጥገና፣ የመጠጥ ውሃው ሥራ ለዓመቱ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚደርሳቸው በሰኔና በሐምሌ ይወሰናል። በዚያ ሰሞን አብዛኞቻችን ከሞፈርና ከቀንበር ጋር ነን። ስለ በጀቱ የምንሰማው፣ ከሰማንም፣ መድኃኒት ፈልገን ሄደን «አልቋል» የተባልን ዕለት ነው። ይህ ጥሪ የሚቀርበው ይህ ልማድ እንዲያበቃ ነው። የምንለው አጭር ነው፤ ግብር መክፈልና ግብሩ የት እንደ ደረሰ መጠየቅ አንድ ግዴታ ነው። ግማሹን ብቻ የተወጣ ሰው ገና ባለዕዳ ነው።

መጀመሪያ ገንዘቡ የማን እንደሆነ እንተማመን። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 97 የመሬት መጠቀሚያ ክፍያን፣ የአርሶ አደሩን የገቢ ግብርና የግለሰብ ነጋዴውን ግብር ለክልል ሰጥቷል። አርሶ አደሩ ምርቱን ከአውድማ ካስገባ በኋላ የሚከፍለው፣ ባለሱቁ በየዓመቱ የሚያስገባው፣ ከክልሉ ሠራተኛ ደመወዝ እጁ ሳይገባ የሚቆረጠው ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። ኮምቦልቻ ወርዶ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የገዛ ሰውም 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከፍሎ ነው ወደ ኩታበር የሚመለሰው። ወረዳው ከራሱ የሚሰበስበው ለወጪው አይበቃም። ቀሪው የሚመጣው ከክልሉ ሲሆን፣ ክልሉም ከፌዴራል መንግሥት ድጎማ ያገኛል፤ የድጎማውን ማከፋፈያ ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በአማራ ክልል ወረዳዎች በጥቅል የሚላክላቸውን በጀት ራሳቸው እንዲደለድሉ የተደረገው በ1994 ነበር። እንግዲህ ድጎማውም ቢሆን ከሰማይ የወረደ መና አይደለም። እዚህም ሆነ ሌላ ቦታ ሠርቶ ካደረ ሰው ኪስ የወጣ ነው። ስለዚህ «የመንግሥት ገንዘብ ነው፣ እኛን ምን አገባን» የሚለው አነጋገር ከአፋችን ይውጣ።

አነጋገሩ ከየት እንደ መጣ ግን እናውቃለን። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል አድገናል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውንም ሰምተን ስቀናል። አንደኛው ከፋዩን ዝም ያሰኛል፤ ሁለተኛው ሹሙን ያደፋፍራል። ሁለቱ ተደጋግፈው ብዙ ዘመን ኖረዋል።

የግብር ታሪካችን ይህንኑ ይመሰክራል። ከክፉ ቀን ማግሥት ዳግማዊ ምኒልክ አሥራት ያወጁት ወታደሩ በየባላገሩ ቤት እየገባ መብላቱን እንዲተው ነበር። ለባላገሩ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ከእህሉ ከአሥር አንዱ የት እንደሚውል ግን የሚነግረው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው የንጉሡ ገንዘብና የመንግሥቱ ገንዘብ ይለይ፣ ግብሩም የታወቀና በገንዘብ የሚከፈል ይሁን ብለው መከሩ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ የመንግሥት ገቢ በዓመታዊ በጀት ብቻ እንዲወጣ በአንቀጽ 55 ደነገገ። ቃሉ መልካም ነበር። ነገር ግን የምክር ቤቱን አባላት የሚመርጠው ሕዝቡ ስላልሆነ ባላገሩ «የኔ ገንዘብ» ብሎ የሚጠይቅበት በር አልነበረውም። በ1940 የትምህርት ግብር ሲታወጅ ልጁን የሚልክበት ትምህርት ቤት በአቅራቢያው የሌለው ገበሬ ሁሉ ከፋይ ሆነ።

ዝምታው ሲበዛ ይፈነዳል። በ1960 በእርሻ ገቢ ላይ ግብር ሲታወጅ ጎጃም ተነሳ። ገበሬው የፈራው የብሩን መጠን ብቻ አልነበረም፤ ገማቹና መዝጋቢው ነገ ርስቴን ይወስዱብኛል ብሎም ሰጋ። አስረድቶ የሚያሳምነው አላገኘም፤ የመጣበት ጦርና አውሮፕላን ነበር። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ውዝፉን ምረው ነገሩን አበረዱት፤ ሕዝቡ ተጎድቶ፣ መንግሥትም ግብሩን ሳያገኝ ቀረ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ወሎ በረሀብ ሲያልቅ መከራው ከአገርና ከዓለም ተደበቀ። በ1966 የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ስለ ወሎ ረሀብ ሹማምንቱን መጠየቅ የጀመረው ሰው ካለቀ በኋላ ነው። በጊዜው ያልተጠየቀ ጥያቄ ዋጋው ይህን ያህል ነው።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ከነጻነት ጦርነቷ ስትወጣ ካዝናዋ ባዶ፣ ዕዳዋ ከፍተኛ ነበር። ለወታደሮቿ የከፈለችው በወረቀት የተጻፈ የተስፋ ቃል ሲሆን፣ ችግር የጠናባቸው ያንን ወረቀት ለነጋዴ በርካሽ ሸጡት። በፈረንጆቹ 1786 በማሳቹሴትስ ምዕራብ ገበሬዎች፣ ብዙዎቹ የጦርነቱ ዘማቾች፣ ግብሩና ዕዳው ሲከብድባቸው የጦር መሣሪያ አንስተው የዕዳ ክስ የሚያዩ ፍርድ ቤቶችን ዘጉ። በ1790 የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር አሌክሳንደር ሃሚልተን 54 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሆነው የፌዴራሉ ዕዳ ሙሉ በሙሉ ይከፈል፣ 25 ሚሊዮን ገደማ የሆነውን የክፍለ ግዛቶቹንም ዕዳ ማዕከላዊው መንግሥት ይውሰደው አለ። የምክር ቤቱ አባል ማዲሰን ወረቀቱን በርካሽ የሸጠው ወታደርስ ምን ያገኛል ብሎ ተከራከረ፤ አልተሳካለትም። ዕዳውን ለመክፈል በውስኪ ላይ ግብር ሲጣል የፔንሲልቬንያ ምዕራብ ገበሬዎች አመፁ፤ በ1794 ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን 13 ሺህ የሚጠጋ ጦር አዘመቱባቸው። ግብሩ የተሻረው በ1802፣ የሃሚልተን ተቃዋሚ የሆነው የጄፈርሰን ወገን በምርጫ አሸንፎ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ነው።

ያንን ሪፐብሊክ አርአያ አናደርገውም። ሰው በባርነት የሚሸጥበት፣ ሴት በአብዛኛው ድምፅ የማትሰጥበት አገር ነበር። ሆኖም ከሕገ መንግሥቱ አንዲት አንቀጽ ልብ ትባል። ሕግ ካልፈቀደ በቀር ከካዝና ገንዘብ አይወጣም፤ የገቢና የወጪው ሂሳብም በየጊዜው ለሕዝብ ይታተማል ትላለች። የሃሚልተንና የጄፈርሰን ወገኖች ስለ ዕዳውና ሃሚልተን ስላቋቋመው ብሔራዊ ባንክ አንጀት እስኪበጠስ ሲጨቃጨቁ፣ ጭቅጭቁ የታወቀ ቁጥር ይዞ በምክር ቤትና በጋዜጣ ላይ ነበር። ቁጥር የተሰወረበት ሕዝብ ግን በሐሜት ይከራከራል፤ ሐሜት ደግሞ ሌባውንም ንጹሑንም አንድ ላይ ያጠፋል።

እኛም ከጦርነት የወጣን ሰዎች ነን። በእኛ አቆጣጠር በ2014፣ በሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ኩታበርም የውጊያ አውድማ ሆና ነበር። የተዘረፈውን ለመተካት፣ የፈረሰውን ለመጠገን ብዙ ተዋጥቷል፤ ገናም ይዋጣል። ሰላሙ ሳይጸና፣ ኑሮው ተወድዶ ከደሀ እጅ የሚወጣ እያንዳንዱ ብር በእጥፍ ሊጠበቅ ይገባዋል።

ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ጥበብ በየመንደራችን አለ። የመረዳጃ ማኅበራችንን፣ ቅሬያችንን ተመልከቱ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ላይ ያዋጣል፤ የቀረ ይቀጣል። ድንኳኑ፣ ድስቱና ሰሀኑ ተቆጥሮ ይወጣል፤ ተቆጥሮ ይመለሳል። ገንዘብ ያዡ በአባላቱ ፊት ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል ቀረ ብሎ ይናገራል። አንድ ድስት ቢጎድል «የት ሄደ?» ብሎ የጠየቀውን ሰው ጠላት ነህ የሚለው የለም፤ ገንዘብ ያዡም ተጠየቅሁ ብሎ አይቀየምም። ለቅሬው ድስት ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ለጤና ጣቢያው መድኃኒት ዝም የምንልበት ምክንያት የለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን፣ ኃላፊም ይጠየቅ ብሏል፤ በአንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። መጠየቅ ማመፅ አይደለም፤ መብት ነው፣ ግዴታም ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንድታደርጉ እንጠይቃችኋለን።

አርሶ አደሩና ነጋዴው፤ ያለ ደረሰኝ አንድ ብር አትክፈሉ። ደረሰኙ ላይ ስማችሁ፣ የብሩ ልክ፣ ቀኑና የተከፈለበት ምክንያት መጻፉን ሳታዩ ከመስኮቱ አትነሱ። ማንበብ የማይችል ሰው ልጁን ያስነብብ። ለትምህርት ቤትም ሆነ ለመንገድ «መዋጮ» የሚባል ነገር ሲመጣ ማን እንደ ወሰነው፣ ማን እንደሚይዘው፣ መቼ ሂሳቡ እንደሚቀርብ ጠይቁ። ነጋዴዎች ደግሞ ለገዢ ደረሰኝ ቁረጡ። ከገዢ የተሰበሰበን ታክስ ኪስ ውስጥ አስቀርቶ ስለ ሹም ሌብነት ማውራት አይቻልም።

መምህራንና ተማሪዎች፤ የወረዳው በጀት በማስታወቂያ ሰሌዳ ሲለጠፍ ቀድማችሁ አንብቡት። ለደመወዝ ስንት፣ ለሥራ ማስኬጃ ስንት፣ ለግንባታ ስንት እንደተያዘ በደብተር ገልብጣችሁ ወደየቀበሌያችሁ ውሰዱት። ካልተለጠፈ ለምን እንዳልተለጠፈ በጽሑፍ ጠይቁ። ያመጣችሁትንም በቅሬ ስብሰባ ላይ ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

የሃይማኖት አባቶች፣ ሸሆችና ቄሶች፤ የሕዝብ ገንዘብ መብላት ሐራምም ኃጢአትም መሆኑን ከመስጊድና ከቤተ ክርስቲያን ደጅ በግልጽ ተናገሩ። በወዳጃውም በማኅበሩም ምርቃታችሁ ለሚጠይቅና ለሚመልስ ሰው ይሁን።

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በውጭ ያላችሁ፤ ገንዘብ ስትልኩ ለአንድ ሰው ሳይሆን ሦስት ፈራሚ ላለው የኮሚቴ ሂሳብ ላኩ፤ ሪፖርትም ጠይቁ። ከመካከላችሁ የሂሳብ ባለሙያ የሆነ በዓመት ጥቂት ቀን ሰጥቶ የትምህርት ቤትና የውሃ ኮሚቴዎችን መዝገብ ቢመረምር ከሚልከው ብር የበለጠ ይረዳል።

የወረዳው ምክር ቤት አባላትና ኃላፊዎች፤ በጀቱን ከማጽደቃችሁ በፊት በየቀበሌው አሳውቁ፤ ያለፈው ዓመት ዕቅድ ምን ያህል እንደ ተፈጸመም ሕዝብ በሚገባው ቋንቋ ንገሩ። የኦዲት ግኝት በመሳቢያ አይቀመጥ። የጠየቀውን ሰው አታሸማቅቁ። በሐቅ የሠራ ሹም በአደባባይ ቢጠየቅ ስሙ ይከብራል እንጂ አይጎድልም።

ለጠያቂዎችም አንድ ማሳሰቢያ አለን። ማስረጃ ሳትይዙ ማንንም ሌባ አትበሉ። በቁጥር ጠይቁ፣ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም እስከ መጨረሻው አዳምጡ።

አይቻልም የሚል ካለ የህዳሴውን ግድብ ያስብ። ከመጋቢት 2003 እስከ ምረቃው፣ ጳጉሜን 2017 ድረስ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ እያስቆረጠ፣ ገበሬው ከእህሉ ሽያጭ እየቆጠበ ቦንድ ገዝቷል። ቦንድ የገዛ ሰው ለመንግሥት ያበደረ ሰው ነው፤ አበዳሪ ደግሞ ስለ ገንዘቡ ይጠይቃል። ያንን ያህል ሸክም የተሸከመ ሕዝብ የወረዳውን በጀት ማንበብ አያቅተውም።

እንግዲህ እስከ ሰኔ 30 ባለው የቅሬ ስብሰባችሁ አንድ አጀንዳ ጨምሩ። ከየቅሬው አንድ ወንድና አንዲት ሴት መርጣችሁ ሦስት ጥያቄ ጽፋችሁ ስጧቸው፤ ወደ ምክር ቤት አባላችሁ ይሂዱ፤ መልሱንም በሚቀጥለው ስብሰባ ያሰሙ። ግብራችሁን በሙሉ ክፈሉ፤ ሂሳቡን በሙሉ ጠይቁ።