ጸጥ ያለ በረዶ፣ ያልተሸፈነ ዓይን

በአውሮፓ የምትኖሩ ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ስኪ ልታስጀምሩ ካሰባችሁ ምክሬ አጭር ነው፦ ትልልቆቹንና የተጨናነቁትን ትታችሁ ትንሽ ቦታ ምረጡ። ለምሳሌ በፈረንሳይ አልፕስ ያለችው ቦንቫል ሱር አርክ ትንሽ መንደር ናት። ሰው ባልበዛበት ቦታ ጀማሪ ልጅ ከሌላው ጋር የመጋጨት ዕድሉ ያንሳል፤ መቆምና መታጠፍንም ተረጋግቶ ይማራል።

ነገር ግን ጸጥታው አያዘናጋችሁ። መንደሯ ያለችው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ የወረደ በረዶ ደግሞ እስከ 80 በመቶውን መልሶ ያንጸባርቃል።

«እኛ ጥቁር ነን፣ ፀሐይ አይጎዳንም» የሚል ወላጅ አለ። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል። ዓይንን ደግሞ የቆዳ ቀለም አያድነውም፤ ከሰዓታት በኋላ ይቀላል፣ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፣ ብርሃን መቋቋም ያቅተዋል።

ስለዚህ ሄልሜት፣ ጨረር የሚከላከል የበረዶ መነጽርና የፀሐይ ክሬም ሳይሟሉ ልጁ በረዶ ላይ አይውጣ። ወጪ መቀነስ ካለባችሁ ከቀኑ ቁጥር ቀንሱ እንጂ ከመነጽሩ አትቀንሱ። ዓይኑን ካመመው እንዳያሸው ከልክሉት፤ ጨለም ባለ ክፍል አሳርፋችሁ ለሐኪም አሳዩት።