የኮረም ልጆች ስማቸው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1910 አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ሉዊስ ሃይን በቨርሞንት ግዛት፣ ኖርዝ ፓውናል በምትባል ከተማ ካለ የጥጥ ፋብሪካ ውስጥ አንዲት ፈታይ ልጅ አነሣ። ልጅቷ በባዶ እግሯ ቆማለች። ቀጭን ክንዷን ማሽኑ ላይ ጣል አድርጋለች። የለበሰችው ሽርጥ ቆሽሿል፤ እግሯ በወለሉ ዘይት ጠቁሯል። አጠገቧ የክር ማጠንጠኛዎቹ በረድፍ ተደርድረው ወደ ጀርባ ይርቃሉ። እሷ በቀጥታ ወደ ሌንሱ ታያለች። አታለቅስም፣ አትስቅም፣ የምትለምነውም ነገር የለም። ይህን ፎቶ ባየሁ ቁጥር ቀድሜ ዓይኔን የምሰብረው እኔ ነኝ።

የጥቁርና ነጭ ፎቶ ኃይል ከትዝታ ይመጣል የሚሉ አሉ። ድሮን ስለሚያስታውሰን ሆዳችን ይባባል ይላሉ። እኔ ግን ከአርባ ዓመት በፊት የተነሣውም ዛሬ ጠዋት የተነሣውም እኩል ሲይዘኝ አይቻለሁ። ቀለም ባለበት ፎቶ ዓይናችን መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቀዩ ሹራብ ወይም ወደ ቢጫው ጀሪካን ነው። ቀለሙ ሲወጣ ሹራቡም ጀሪካኑም ግድግዳውም ግራጫ ይሆኑና ፊት ብቻውን ይቀራል። የልጅ ዓይን ደግሞ ለፊቱ ትልቅ ነው፤ የበሩ ብርሃን ብሌኑ ላይ እንደ ነጭ ነጥብ ሲያርፍ ይታያል። ትልቅ ሰው ካሜራ ሲያይ ኮሌታውን ያስተካክላል፣ መታየት የሚፈልገውን ፊት ያወጣል። ልጅ ይህን ቢሞክርም ብዙ አይዘልቅበትም። ለአፍታ ይኮሳተርና ይረሳዋል፤ የረሳባት ቅጽበት ነች ፎቶ የምትሆነው።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 በ81 ዓመቱ ያረፈው ብራዚላዊው ሰባስቲያዎ ሳልጋዶ ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ስለ ስደት በሠራው ትልቅ ሥራ ከ35 በላይ አገሮች ዞሯል። በሄደበት መጠለያ ሁሉ ልጆች ከበው መፈናፈኛ ያሳጡት ነበር። በመጨረሻ መላ ዘየደ። ሁሉንም በየተራ፣ ለየብቻ ያነሣቸዋል፤ እነሱም ከዚያ በኋላ ሥራውን እንዲሠራ ይተዉታል። ሲንጫጩ የነበሩት ልጆች ተራቸው ደርሶ ለብቻ ሲቆሙ ግን ጭምት ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 እነዚህ ፎቶዎች ራሱን በቻለ መጽሐፍ ታተሙ፤ 90 ልጆች ናቸው። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ልጅ አንሣኝ ብሎ የመጣ ልጅ ነው። ሰው እንዲያየው ፈልጓል፤ አቋቋሙም ይህንኑ ያሳያል።

ሳልጋዶ ከዚያ ቀደም እኛም ዘንድ መጥቶ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1977ቱ ድርቅ ድንበር የለሽ ከሚባሉት ሐኪሞች ጋር ሆኖ በያኔው ወሎ ክፍለ ሀገር ኮረም መጠለያ ሠርቷል። ፎቶዎቹ ከቻድ፣ ከማሊና ከሱዳን ከመጡት ጋር ተዳብለው እ.ኤ.አ. በ1986 ፈረንሳይ ውስጥ መጽሐፍ ሆነው ወጡ። በማለዳ ብርሃን ብርድ ልብስ የተከናነቡ ሰዎች፣ የሕፃናቱ ማቆያ ክፍል፣ ከሰውነታቸው ዓይናቸው ብቻ የቀረ ልጆች። እነዚህን ሥዕሎች በውጭ አገር ቤተ መዘክርና በትልልቅ መጻሕፍት ያየ ሐበሻ ምን እንደሚሰማው ለማንም ማስረዳት አያሻኝም። እዚያ ብርድ ልብስ ውስጥ ያለው አክስትህ፣ አጎትህ፣ ወይም ስሙ በቤት ውስጥ ሳይነሣ የቀረ ወንድምህ ሊሆን ይችላል።

ሳልጋዶን ሰቆቃን አሳምሮ ያነሣል ብለው የወቀሱት ብዙ ናቸው። ይህን ወቀሳ አልቀበለውም። የተራበ ልጅ በጥንቃቄ፣ በጥሩ ብርሃን፣ ጊዜ ተሰጥቶት መነሣቱ ክብሩ ነው፤ አጣድፎ፣ አበላሽቶ ማንሣት ለእሱ የሚጨምርለት ነገር የለም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሱዛን ሶንታግ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመችው መጽሐፍ ሳልጋዶ ለስደተኞቹ ፎቶዎች በጻፈው መግለጫ ስማቸው አለመኖሩን ነቅሳ ተችታለች። እዚህ ላይ ከእሷ ጋር ነኝ። የኮረም ልጆች ፎቶ ሥር የምናገኘው የቦታ ስምና ዓመት ነው። የሚኒስትር ወይም የዘፋኝ ፎቶ ያለ ስም ቢታተም አዘጋጁ ይጠየቃል። የኮረም ልጅ ግን «ኢትዮጵያ፣ 1984» ሆኖ አርባ ዓመት አለፈው።

ሃይን ስም ይጽፍ ነበር። በአሜሪካ ብሔራዊ የሕፃናት ጉልበት ኮሚቴ ተቀጥሮ እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ በየፋብሪካውና በየማዕድን ጉድጓዱ ሲዞር፣ ዘበኞች እንዳያባርሩት አንዳንዴ መጽሐፍ ቅዱስ ሻጭ፣ አንዳንዴ የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪ ነኝ እያለ ይገባል። የልጆቹን ቁመት በሰደርያው ቁልፎች ይለካል፤ እስከ ስንተኛው ቁልፍ እንደሚደርሱ አይቶ ዕድሜያቸውን ይገምታል። እጁን ኪሱ ውስጥ ደብቆ ማስታወሻ ይይዛል፦ ስም፣ ዕድሜ፣ የሥራ ዓይነት። የኖርዝ ፓውናሏ ልጅ አዲ ካርድ ትባላለች፤ 12 ዓመቷ እንደሆነ ነግራዋለች፤ የፋብሪካው ልጆች ግን 10 ነው አሉት። እሱም ሁለቱንም ጻፈ። የሕፃናትን ሥራ የሚገታው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በ1916 ወጥቶ፣ በ1918 በፍርድ ቤት ተሽሮ፣ በመጨረሻ በ1938 ሲጸና የሃይን ፎቶዎች ድርሻ ነበራቸው።

የስሙ ጥቅም ግን በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1998 የአዲ ፎቶ በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይ ሲወጣ፣ በአንዳንዱ ጽሑፍ ስሟ ተሳስቶ አዲ ሌርድ ይባል ነበር። ደራሲዋ ኤሊዛቤት ዊንትሮፕ እና ጆ ማኒንግ የሚባል ተመራማሪ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ እያገላበጡ ትክክለኛውን ስም ይዘው ተነሡ፤ ቤተሰቧንም አገኙ። ያቺ በባዶ እግሯ የቆመች ልጅ ከዘጠና ዓመት በላይ ኖራ በ1993 ነው ያረፈችው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ፎቶውን ሳይ ያ ክንድ ልጅ ሲያቅፍ፣ ሲያረጅ ይታየኛል። ሐዘኑ አልቀነሰም፤ ባለቤት አገኘ።

ፎቶ ላይ ስም መጻፍ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አክስቴ ዘንድ በቆርቆሮ ሣጥን የተቀመጡ የስቱዲዮ ፎቶዎች አሉ፤ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የተከረከመ፣ ጥቁርና ነጭ። አንደኛው ላይ ከእሷ የምትበልጥ ወንበር ይዛ የቆመች ልጅ አለች፤ ጫማዋ የሰው መሆኑ ያስታውቃል፣ ተረከዟ ጋ ሰፍቷል። ከጀርባው በቀለም «ለመታሰቢያ» ተብሎ ስሟ ከነአባቷ፣ ደሴ፣ ቀኑና ዓመተ ምሕረቱ ተጽፏል። አክስቴ ፊደል የቆጠረችው ትልቅ ሰው ሆና ነው፤ ጽሑፉ የጎረቤት ልጅ እጅ ጽሑፍ ነው። ፎቶ ሲነሣ ጀርባው ላይ ስም መጻፍ እንዳለበት ግን ያኔም ማንም አልነገራትም፤ ታውቀው ነበር።

በኮረም ጊዜ ይህን የሚጽፍ አልነበረም። ሰው በየዕለቱ እየሞተ ስም መዝጋቢ አልነበረም ብሎ ፎቶ አንሺውን መክሰስ አይገባም። አሁን ግን ሰላም ነው፣ ጊዜም አለ ማለት ባይቻልም፣ ሰዎቹ ገና አሉ። ያኔ አምስት ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ አርባ አምስትን አልፏል። ያኔ የሠላሳ ዓመት እናት የነበረችው ሰባ ተሻግራለች፤ የልጇን ፊት በየትኛውም ፎቶ ላይ ትለየዋለች። በዚያው ድርቅ የካናዳ ቴሌቪዥን ከሞት አፋፍ ላይ የቀረጻት ሕፃን ስሟ የታወቀው ጋዜጠኛው ተመልሶ ስለፈለጋት ነው፤ ብርሃን ወልዱ እ.ኤ.አ. በ2005 ለንደን ላይ በዓለም ፊት ቆማለች። አንዷን ማግኘት ከተቻለ ሌሎቹን መፈለግ አያቅትም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ቤተ መዛግብታችን ወይም ከአካባቢው ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሳልጋዶን ቤተሰብና የሌሎቹን ፎቶ አንሺዎች ባለመብቶች ይጠይቅ። ፎቶዎቹ በትልቁ ታትመው ወደ ኮረምና አላማጣ፣ ወደ ቆቦና ወልዲያ ይሂዱ። አዳራሽ አያስፈልግም፤ የዕድር ድንኳን ይበቃል። በዕድሜ የገፉት እናቶችና አባቶች መጀመሪያ ይዩ። ማንም ያወቀ በወረቀት ያስመዝግብ፤ መታወቅ የማይፈልግ ካለ ስሙ እንዳይወጣ ይከበርለት፣ ፎቶው ከግድግዳ ይውረድልኝ ካለም ይውረድለት። የተገኘው ስም ደግሞ በአማርኛም በትግርኛም ተጽፎ ፎቶዎቹ ወዳሉበት ቤተ መዘክር ይላክ፤ በሚቀጥለው እትም «ኢትዮጵያ፣ 1984» ከሚለው በፊት ይግባ።