ድሩን ያደራው ማነው?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያሉ መተረት የተለመደ ነው። ተረቱ የማያነሣው አንድ ጥያቄ ግን አለ፤ ድሩን ያደራው ማነው? ዝንብን የሚያጠምደውም ድር ነውና።

«መሣሪያ ገለልተኛ ነው፤ ልማቱም ጥፋቱም የተጠቃሚው ነው» የሚሉ አዋቂዎች ሞልተዋል። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ በተግባር ሲፈተን ግን ይፈርሳል። አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 «መካኒካል ተርክ» በሚል ስም ጥቃቅን ሥራዎችን በኮምፒዩተር መረብ የሚያከፋፍል ገበያ ከፈተ። በዚህ ገበያ አሠሪው «ሥራውን አልተቀበልሁም» ብሎ ክፍያውን ሲከለክል የሥራውን ውጤት ግን ለራሱ ማስቀረት ይችል ነበር። ውድቅ የተደረገው ሥራ በሠራተኛው ላይ ይቆጠራል፤ የአሠሪውን በደል የሚቆጥር ግን አልነበረም። ይህ በንድፉ ውስጥ የተጻፈ ወገንተኝነት ነው።

ሊሊ ኢራኒና ሲክስ ሲልበርማን በ2008 ቱርኮፕቲኮን የተሰኘውን መሣሪያ ሲሠሩ ሚዛኑ ተገለበጠ። ሠራተኞች አሠሪዎችን በአራት ነገር ይመዝኑ ጀመር፤ መልስ በመስጠት፣ በክፍያ መጠን፣ በፍትሐዊነትና በቶሎ በመክፈል። በየቤቱ ተነጣጥሎ የተቀመጠው ሠራተኛ በባልንጀራው ላይ የደረሰውን በደል አውቆ ይጠነቀቅ ዘንድ ተቻለው።

ከዚያም አስቀድሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኖርዌይ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ከሊቁ ክሪስተን ኒጎርድ ጋር ሆኖ ኮምፒዩተር በፋብሪካ የሚያመጣውን ለውጥ አጥንቷል። ከ1981 እስከ 1985ም የስካንዲኔቪያ የማተሚያ ቤት ሠራተኞችና ተመራማሪዎች «ዩቶፒያ» በተባለው ሥራ የነገውን መሣሪያ በእንጨትና በካርቶን አስመስለው ነደፉ። የኮምፒዩተር ቋንቋ የማያውቀው ፊደል ለቃሚ በካርቶኑ ፊት ቆሞ የሙያውን ቃል ሊናገር ቻለ።

የእድር ጥሩምባም ከዚሁ ወገን ነው። ለፋፊው በማለዳ ሲነፋው ሰፈሩ ይሰማል፤ ኃይሉ ግን ከነሐሱ አይደለም፤ ከጀርባው ካለው መዝገብና አባላቱ ራሳቸው ካጸደቁት ደንብ ነው። መሣሪያ ብቻውን ኅብረትን አይወልድም።

የሠርቶ አደሩን ክንድ በፖስተር ላይ አግዝፎ መሣል ቀላል ነው። ያ ክንድ የሚይዘውን መሣሪያ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ መንደፍ ግን ትዕግሥትንና ትሕትናን ይጠይቃል። ስለዚህ መሐንዲሱም ሆነ ሠዓሊው «ምን ልሥራላቸው?» ከማለቱ በፊት «ከማን ጋር ልሥራ?» ብሎ ይጠይቅ። ሠራተኛው ያልመከረበት መሣሪያ በስሙ ቢጠራም እንኳ የሚያጠምደው እርሱኑ ነው።